ጤና አዳም ነው አልኳት

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። አንድ ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ አጠገባቸው ስደርስ ሌላ ቀለል ያለ ኃጢአት ተናዝዤ ተመለስኩ። አሁን ለእናንተ እጽፈዋለሁ። አታውቁኝም፤ ፊቴን አታዩም። የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል።

እህቴን የገደላት ኮሮና ነው ይላሉ። ስኳሩ ነው የሚሉም አሉ። በሽታውን ወደ ቤቷ ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ። ሳላውቅ አይደለም። እያወቅኩ ነው።

የመጨረሻው ደህና ቀን ዓርብ ነበር። እህቴ አስቴር በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እኔና እሷ በአባት ነው የምንገናኘው፤ እሷ የመጀመሪያ ልጅ ናት፣ እኔ የመጨረሻ። አባታችን ሲሞት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤቷ ወስዳ አሳደገችኝ፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አስተማረችኝ። ጡረታ የወጣች የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። እኔ እትዬ እላታለሁ። አንቱ ስላት ግን ትቆጣለች። "ገና አላረጀሁም፣ ማሙሽ" ትለኛለች። ስኳር ከያዛት ብዙ ዘመን ሆኗታል። ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ኢንሱሊኗን የምወጋት እኔ ነበርኩ።

ስለ ኮሮና ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቅ ነበር። ሆስፒታል ለስኳር ክትትል ስትሄድ፣ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁት አዛውንቶች እርስ በርስ ይማማራሉ። ሐኪም ለአንዱ የነገረውን እሱ ለሌላው ይነግራል። እኛ የባጃጅ ሾፌሮች ግን የፈረንጅ ጉንፋን ነው እያልን እንቀልድ ነበር። አንድ ቀን ቀልዱን ቤት ይዤው ገባሁ። እትዬ አልሳቀችም።

"እናንተን ይዞ ይለቃችኋል" አለችኝ። "እኔን እሾህ ሲወጋኝ ቁስሉ ለመዳን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታያለህ አይደል? ሳንባዬ ሲቆስል ደግሞ አስበው።"

በሽታው ማሽተት እንደሚከለክል የሰማችውም እዚያው አግዳሚ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ደንብ ወጣ። የሚገባ ሰው ሁሉ እጁን ይታጠባል፤ ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል። እሷ በሩ አጠገብ ካለው ማሰሮ ጤና አዳም ቀጥፋ፣ በጣቷ አሽታ አፍንጫው ሥር ትይዝለታለች። ሽታውን ያወቀ ገብቶ ከእሷ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። ያላወቀ ከግቢ አያልፍም። የቤት ሰው ከሆነ ደግሞ ጓሮ ካለው ሰርቪስ ክፍል ገብቶ ለብቻው ይበላል።

በዚያ ዓርብ እማማ ማርታ ጎመን ይዘውላት መጥተው ነበር። እሳቸውም የስኳር ታማሚ ናቸው፤ የተዋወቁት አግዳሚው ላይ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው እየሳቁ፣

"ያንቺ በር ከኬላ ይብሳል። ነገ ደግሞ መታወቂያ አምጡ ትያለሽ" አሏት።

"መታወቂያውማ ዕድሜ ይናገራል፤ አንቺ አታመጪውም" አለቻቸው።

"ጤና አዳም ነው። አሁን ልቀመጥ፣ እግሬን አሞኛል" አሉ እማማ ማርታ።

እኔ ከእሳቸው ቀጥሎ ደረስኩ። ጠዋት ለባጃጇ ከጀሪካን ቤንዚን ስገለብጥ ምንም አልሸተተኝም ነበር። ቤንዚን እኮ ነው። እጄ ላይ አፍስሼ አፍንጫዬ ላይ ለጠፍኩት። ምንም። ሳሙና አሸተትኩ። ምንም። ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። ከእሷ ጋር አብሬ እየኖርኩ እንዴት አይገባኝም?

ግን እሑድ የጓደኛዬ የሰለሞን ሠርግ ነበር። ሚዜው እኔ ነኝ። ሱፉ ተሰፍቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሏል። አልሸተተኝም ብላት ሰርቪስ ክፍል ታስገባኛለች፤ ሠርጉ ይቀርብኛል፤ ሰፈሩ ኮሮና ይዞታል ይለኛል። ያሰብኩት ይህንን ነው። ስለ እሷ አስቤ ነበር ብዬ እንዳልዋሻችሁ።

"ጨፍን" አለችኝ።

ጨፈንኩ። ቅጠሉ የላይኛውን ከንፈሬን ነካኝ። ባዶ አየር ነበር። ግን እትዬ ሌላ ነገር ይዛ አታውቅም። ሁልጊዜ ያው ቅጠል ነው።

"ጤና አዳም ነው" አልኳት።

"ጎሽ። ና ብላ።"

በላሁ። ከአንድ ትሪ፣ ሽሮውን ከእሷ ጋር። ማታ መርፌዋን ወጋኋት። ጎንበስ ብዬ፣ ፊቴ ከፊቷ ሳይርቅ። እሑድ ጠዋት ደግሞ እሷ ክራባቴን አሰረችልኝ። ዓይኗ ስለማያይ በጣም ተጠግታኝ ነበር። "አባባን መሰልክ" አለችኝ። ትንፋሼን መያዝ እችል ነበር። አልያዝኩም።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ጾሟን አድራ ስኳሯን ስትለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። እንደገና ለካሁላት። ያው ነው።

"ምንም ሳልበላ ለምን ወጣ?" አለች። "አግዳሚው ላይ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሰውነት ውስጥ አንድ ነገር ሲገባ ስኳር እንዲህ ይወጣል።" ቀና ብላ አየችኝ። "ማሙሽ፣ አንተ ደህና ነህ?"

እንደገና ጠየቀችኝ እኮ። በሩ ላይ የዋሸሁትን ማረም እችል ነበር። ያን ጊዜ ብናገር ሆስፒታል በዚያው ጠዋት እንሄድ ነበር።

"እኔ ምን እሆናለሁ" አልኳት።

"እንግዲያው ከሠርጉ ያመጣህልኝ ድፎ ዳቦ ነው" አለች። "አንድ ቁራሽ ቀምሻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ጥፋቱ የእኔ ነው አለች። እኔ እየሰማሁ። እኔም ኢንሱሊኗን ወጋኋት። ዳቦው ከሆነ ይወርዳል ብላ ቤት ቆየች። ትኩሳቱ ሲመጣም ይወርዳል አለች። ትንፋሽ ሲያጥራት ባጃጄ ላይ ጭኜ ወሰድኳት፤ መንገዱን ሙሉ መስኮቱን እንድከፍት ትለምነኝ ነበር። ባጃጅ መስኮት የለውም። ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለኝ። ኦክስጅን አደረጉላት። እኔን አላስገቡኝም። ከዚያ አንዲት ነርስ ወጥታ ስሜን ጠራች።

እኔ ሞት እንዲህ ፈጥኖ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። ቀብሯ ላይ በጣት የሚቆጠር ሰው ነው የቆመው። አላለቀስኩም። ሰዎቹ ድንጋጤ ነው አሉ። ድንጋጤ ነበር። ግን ያስደነገጠኝ እኔው ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። እማማ ማርታ ነበሩ። አልገቡም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከበሩ ራቅ ብለው ቆሙ።

"አልገባም፣ ልጄ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አሉኝ። "በዚያ ዓርብ ከለቅሶ ነበር የመጣሁት። ለአስቴር አልነገርኳትም። ሽታው ሸተተኝ፣ ደህና ነኝ ብዬ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሳስብ አደርኩ። እኔ ነኝ ያመጣሁባት?"

የስኳር ታማሚ ናቸው። እህቴ የምታውቀውን ሁሉ ያውቃሉ፤ በሽታው ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። እሳቸው ራሳቸው ፈርተው ቤታቸው መቀመጥ ሲገባቸው ይህን ሊጠይቁኝ በእግራቸው መጡ። መልሱ እኔ ዘንድ ብቻ ነበር። አይደሉም፣ እኔ ነኝ። አለቀ። ከዚህ የሚያጥር እውነት አለ?

ልጅ ነበርኩ አልልም። ሐዘን አደናግሮኝ ነው አልልም። ስኳር ባይኖርባት ኖሮ አልልም፤ ስኳር እንዳለባት አውቅ ነበር። ይቅርታ ብለምንም የምለምነው እናንተን አይደለም። የበደልኳቸው ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ አትሰማኝም። ሌላዋ በዚያ ጠዋት ፊቴ ቆመው አፌን ያዩ ነበር።

"እንጃ፣ እማማ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በሩን ዘጋሁት።