ሁለቱንም ክንድ የምትለካ ልብስ ሰፊ

ወልዱ የሚስቱን ክንድ የሰበረው በበር መወርወሪያ ነው። ሐምሌ 1988 ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ምክንያቱ የቀዘቀዘ ሽሮ። ሚስቱ ጀማነሽ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ የሚኖሩት ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ ባለ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ለወጌሻው ከደረጃ ወደቅሁ አለችው። ቤቱ ደረጃ አልነበረውም። ወጌሻው ይህን እያየ ክንዷን አሽቶ አሰረና ሄደ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ጎረቤትም ሁሉንም ሰምቷል። ማን እንዲህ አደረገሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

አጥንቱ ጠምሞ ገጠመ። የግራ ክንዷ ከቀኙ በሦስት ጣት አጠረ።

ወልዱ ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት መታት። ሁለት ጥርሶቿን አወለቀ። አንድ ቀን ካዛንቺስ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጣላና በተሰበረ ጠርሙስ አንገቱን ተወጋ። እዚያው ሞተ። ጀማነሽ ቀበረችው። አላለቀሰችም። ሳምንት ቆይታ ሥራ ፍለጋ ወጣች።

የተቀበላት ሸምሰዲን ነው። ካዛንቺስ ውስጥ ኮትና ሱሪ የሚሰፋ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር።

«በዚህች ክንድ ኮት አይገለበጥም» አላት። «ትንሽ ሰው ፈልጊና ለእሱ ስፊ።»

የተናገረው ለቀልድ ነው። እሷ ግን የምሩን ነው ብላ ያዘችው፤ ለሕፃናት መስፋት ጀመረች። የሕፃን ልብስ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከአጭሩ ክንዷ አያመልጥም።

ልብስ እንዴት ወረቀት ላይ እንደሚነደፍ ያስተማራትም ሸምሰዲን ነው። ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ነበር። «አጥፈሽ ግማሹን ብቻ ሣዪ። ሲቆረጥ ሌላው ግማሽ አብሮ ይወጣል። ሰውዬውንም አንድ ክንዱን ከለካሽው በቃሽ።» የከተማው ሰፊ ሁሉ የሚሠራው እንደዚህ ነው። ጀማነሽ በዚሁ ሥርዓት ለራሷ ቀሚስ ሰፋች። ስትለብሰው የግራው እጅጌ ጣቶቿን ሸፈነ።

ሸምሰዲን አየት አደረጋት። «ጥፋቱ የወረቀቱ አይደለም» አለ።

«የማነው ታዲያ?»

ሸምሰዲን አጎንብሶ መርፌ መፈለግ ጀመረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀማነሽ ወረቀት አጥፋ አታውቅም። ቀኝና ግራውን ለየብቻ ትነድፋለች፤ ሁለቱንም ክንድ ትለካለች።

በ1993 ቂርቆስ ቁልቁለቱ ላይ ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተች። ጎረቤቷ ፈትያ ባልዲ፣ ሳፋና መወልወያ ትሸጣለች። የጀማነሽ ሥራ የክርስትና ልብስ ነው። አራስ ከቤት ስለማትወጣ ለመለካት ራሷ ቤት ድረስ ትሄዳለች። ሜትር አትይዝም፤ ሜትር ሕፃኑን ይቀዘቅዘዋል፣ እናቶችም የሬሳ ሳጥን ልኬት ይመስለናል ይላሉ። የምትለካው በክር ነው። ለእያንዳንዱ ሕፃን ሦስት ክር አላት፤ ቀዩ ለራስና ለደረት፣ ነጩ ለቀኝ ክንድ፣ ጥቁሩ ለግራ። ልኩ የሚያልቅበት ላይ ትቋጥራለች። አራስ ሕፃን ክንዱን አይዘረጋም፤ ጎትተው ከለኩት ልኩ ይሳሳታል። እንደታጠፈ ከትከሻ እስከ ክርን፣ ከክርን እስከ አንጓ ትለካለች፤ ከዚያ ውፍረቱን ዙሪያውን፤ ለየልኩ አንድ አንድ ቋጠሮ። ወረቀቱ ላይ የልጁን ዕድሜ በቀን ጽፋ ክሮቹን በመርፌ ትሰካበትና ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች። ቀጠሮ አታሳልፍም። በዚህ ትታወቃለች።

ጥር 2001 ኡራኤል አካባቢ ወዳለ ቤት ተጠራች። አራሷ ሔለን ትባላለች። እናት የላትም። ልታርሳት የመጣችውን አክስቷን ባሏ ሔኖክ በሳምንቷ መልሷታል፤ ወሬ ታበዛለች ብሎ። ጨርቁን የሰጠቻት ሔለን ናት፤ የሔኖክ እናት ደብረ ብርሃን ሆነው በእጃቸው የፈተሉት ነው። ለክርስትናው ይመጣሉ፤ ሕፃኑን በዚያ ጨርቅ ማየት አለባቸው። ወንድ ልጅ ነው፤ ሃያኛ ቀኑ። ጀማነሽ ለካችው። ነጩና ጥቁሩ ክር እኩል ሆኑ።

በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ልብሱን ልታሞክር ሄደች። ቀኙ ገባ። ግራው እጅጌ ክርኑ ላይ ሲደርስ ሕፃኑ ጮኸ፤ የራብም የእንቅልፍም ጩኸት አልነበረም። ክንዱ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። ጥቁሩን ክር ዙሪያውን አዞረችው። ቋጠሮው ሳይደርስ ቀረ።

«ተኝቶበት ነው» አለች ሔለን።

ጀማነሽ ልብሱን አጣጠፈች። «እጅጌው ተበላሽቶብኛል። ከነገ ወዲያ መጥቼ እንደገና እለካዋለሁ።»

ልብስ ሰፊ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ማንም አይጠረጥርም። ፈትያ ብቻ ልብሱ ተሰፍቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አይታ ሳቀችባት። «አንቺም ቀጠሮ መብላት ለመድሽ? በቃ፣ ሰፊ ሆነሻል ማለት ነው።»

በሠላሳ አራተኛው ቀን የሕፃኑ ጭን ላይ አራት ጣት ታትሞ አገኘች። ሰማያዊ ነበር። የትልቅ ሰው ጣት።

«ማነው?» አለች ጀማነሽ።

ሔለን የሕፃኑን እግር በጋቢ ሸፈነች። «ልጁ ሲያለቅስ አይችልም። ማለቴ፣ ሥራ ውሎ ሲገባ… ክርስትናው ይለፍ እትዬ። እናቱ ሲመጡ ይተዋል።»

«ራጅ አስነሺው። የራጁን ወረቀት ሳላይ ልብሱ ከሱቄ አይወጣም።»

ይህ ስህተት ነበር። ማስፈራሪያው ሔኖክ ጆሮ ደረሰ፤ የተመታችው ሔለን ናት።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ሔኖክ ሱቁ በር ላይ ቆመ። የቢሮ ሰው ነው፤ ከረባት አስሯል።

«እንደምን አደሩ እትዬ። ልብሱን ልወስድ ነበር።»

«አልደረሰም።»

«ተሰቅሎ አየዋለሁ እኮ።»

«የግራው እጅጌ አልደረሰም። የልጅህ ክንድ አብጧል።»

ሔኖክ ፈገግ አለ። «ሰፊ ነዎት ወይስ ሐኪም?»

«ሰፊ ነኝ። በሃያኛው ቀን ልኩ ይኼ ነበር።» ጥቁሩን ክር አነሳች።

ከዚህ በኋላ እርስዎ አላላትም። «አምጪው፣ አንቺ ቆልማማ» አለና ወረቀቱን ከግድግዳው ገነጠለው። ጀማነሽ በሌላው ጫፍ ያዘች። ወረቀቱ መሐል ለመሐል ተቀደደ። ቀኙን ወገን ቦጫጨቀው፤ ግራው በእጇ ቀረ። ነጩም ክር የተሰካው በዚሁ ወገን ነበር፤ ወረቀቱን ከሁለቱም ክር ጋር ጡቷ ሥር ወሸቀችው።

ሔኖክ ከጠረጴዛው ላይ የከሰል ካውያውን አነሳ። ክዳኑ ተከፍቶ ፍሙ ወለሉ ላይ ተበተነ። ወደ ፊቷ ሲሰነዝርባት ግራ ክንዷን አነሳች። ካውያው አሮጌው ስብራት ላይ አረፈ። ድምፁን ታውቀዋለች። ለሁለተኛ ጊዜ ሊመታት ሲያነሳ በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ጀማነሽ በቀኝ እጇ የጨርቅ መቀሱን ጨብጣ የእጁ ጀርባ ላይ ሰካችው። መቀሱ እጁን አልፎ እንጨቱ ውስጥ ገባ።

ካውያው ወደቀ። ሔኖክ ወደ በሩ ሊሮጥ ሞከረ፤ መቀሱ አለቀቀውም።

ፈትያ የመወልወያ እንጨት ይዛ ገባች። ጀርባውን ሦስት ጊዜ መታችው፤ በሦስተኛው እንጨቱ ተሰበረ። «ለሽያጭ ነበር ይኼ» አለችና ሌላ ልታመጣ ወጣች። ስትመለስ ሰው ሱቁን ሞልቶታል። መቀሱን ከእንጨቱ ለመንቀል ሁለት ሰው ሆኑ።

ጣቢያ ተወሰዱ። ሳጅን ዲሪባ መጀመሪያ ያዳመጠው ሔኖክን ነው፤ እጁ በፎጣ ተጠቅልሎ ደሙ ወለሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ይቺ ሴት ጨርቄን ቀማችኝ፣ ስጠይቃት ወጋችኝ አለ። ምስክር አለኝ ብሎ ሚስቱን አስጠራ።

ጀማነሽ ሁለቱን ክሮችና የወረቀቱን ግማሽ ዘረጋች። ዲሪባ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየው።

«የሲሚንቶ ከረጢት ነው» አለ። «በሲሚንቶ ከረጢት ነው ሰው የምትከሺው?»

«ልጁ ሲመጣ ለካው።»

«እኔ?»

«የእኔ ክንድ ተሰብሯል።»

በሩ ላይ የቆመ ፖሊስ ሳቀ። ጀማነሽ አልሳቀችም። ሔኖክ ከዚህ ከወጣ የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው። እሷን ያሳሰባት ይኼ ብቻ ነው።

ሔለን ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ መጣች። ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። ዲሪባ ዓይኗን አየ። ጋቢውን አስገለጠና ነጩን ክር በቀኙ ክንድ ዙሪያ አዞረ። በወፍራም ጣቶቹ ቋጠሮውን ፈልጎ ያዘ። ገጠመ። ጥቁሩን ወሰደ። ክንዱን ገና ሲነካው ሕፃኑ ጮኸ። ቋጠሮው በሁለት ጣት ሳይደርስ ቀረ። አውልቆ እንደገና ሞከረ፤ ያው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን አነበበ፤ ሃያኛ ቀን፣ ግራ፣ ከቀኙ እኩል።

የሳቀው ፖሊስ አሁን ግድግዳውን እያየ ነው።

ዲሪባ ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ማነው?» አላት ሔለንን።

«እኔ እኮ…» አለ ሔኖክ።

«አንተን አልጠየቅኩም። አንቺ፣ ማነው?»

ሔለን ጀማነሽን አየቻት፤ በጥላቻ ነበር። ቀጥሎ የሕፃኑን ክንድ አየች።

«እሱ ነው» አለች።

ራጁ ሁለት ስብራት አሳየ። አንደኛው መግጠም ጀምሮ ነበር። ሔኖክ ከጣቢያው አልወጣም፤ በኋላ አራት ዓመት ተፈረደበት። ጀማነሽም ለወጋችው እጅ ስድስት ወር ተፈረደባት፣ በገደብ። የወረቀቱ ግማሽ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ አልተመለሰላትም።

ሔኖክ በታሰረ ማግስት ለአርባኛው ቀን ክርስትና አራት ቀን ቀርቶ ነበር። ሕፃኑ ግራ ክንዱ በጀሶ ታስሯል፤ የጀማነሽም እንደዚሁ። አንድ እጅ የስፌት መኪና ላይ አይበቃም። ፈትያን ጠርታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት።

«እኔ የሙስሊም ልጅ የክርስትና ልብስ ስሰፋ አባቴ ቢያዩኝ» አለች ፈትያ።

«ግራውን እጅጌ ብቻ ነው። ተርትሪው። ከላይ እስከ ታች።»

ፈትያ ተረተረችው። ጀማነሽ እየነገረቻት ዳርና ዳሩ ላይ አራት አራት ማሰሪያ ሰፋችበት። በሦስተኛው መርፌው የፈትያ ጣት ውስጥ ገባ። ሁለቱም ደሙ ጨርቁን እንዳይነካ እጇን ወደ ላይ አነሱት።

በአርባኛው ቀን ጀማነሽ ልብሱን ይዛ ኡራኤል ሄደች። ከደብረ ብርሃን የመጡት አያት አላናገሯትም። ሔለንም አላመሰገነቻትም። ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኝታ ቀኙን እጅጌ ራሷ አለበሰችው። ግራውን ጀሶው ላይ ሸፍና ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አሰረች። አራተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጠብቋል?» አለች፣ ቀና ሳትል።

ጀማነሽ አንድ ጣቷን በጨርቁና በጀሶው መሐል አስገባች።

«ልኩ ነው» አለች።