ጎርፍ አያውቀንም

በጃቫ ሰሜን ጠረፍ፣ ባሕሩ እየበላው ባለው መንደራችን፣ ምባህ ሩኪናን የማያውቅ የለም። ምባህ የምንለው ያረጀን ሰው ሁሉ ነው፤ እሳቸው ግን ቃሉን አይወዱትም፣ «ገና እግሬ ውሃ ይጋፋል» ይላሉ። አባታቸው ሩዝ ያበቅሉበት የነበረው ማሳ መጀመሪያ የሽሪምፕ ኩሬ ሆነ፣ ቀጥሎ ኩሬው ራሱ ባሕር ሆነ። ባላቸው ሞቱ፣ ልጆቻቸው ከተማ ገቡ። የቀረቻቸው አንዲት ቤትና በኮኮናት ልጣጭ ጢስ አሳ የሚያደርቁባት ምድጃ ናት። የቤቱን ወለል ሦስት ጊዜ አፈር ሞልተው ከፍ አድርገዋል። ጣሪያው ግን ባለበት ቀረ፤ አሁን በገዛ በራቸው አጎንብሰው ነው የሚገቡት፣ መስኮቱም ከጉልበታቸው በታች ሆኗል።

ይህን ሁሉ ያመጣው ሮብ ነው። የእኛ ሮብ ከማክሰኞ ቀጥሎ የሚውለው አይደለም፤ ማክሰኞም ቅዳሜም ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ የዝናብ ጠብታ ሳይኖር፣ ከባሕሩ ተነስቶ ቤት የሚገባ ውሃ ነው፤ ሲጨምር እንጂ ጨርሶ ሲወጣ አላየንም። ጎርፍ የምንለው ሌላ ነው፤ እሱ የዝናብና የወንዝ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሕፃን እንኳ የለንም።

አምና አንዲት ልጅ ከከተማ መጣች። የየመንደሩ አደጋ ይመዘናል፣ በነጥቡ መሠረት የመከላከያ ግንብ ለማን ቀድሞ እንደሚሠራ ይወሰናል ተባለ። ልጅቷ ጫማዋን በአንድ እጇ፣ ታብሌቷን በሌላው ይዛ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ጠየቀች።

«ምባህ፣ ባለፉት አምስት ዓመታት ስንት ጊዜ ጎርፍ ደረሰብዎት?»

«ጎርፍ? ኧረ የለም ልጄ! ጎርፍ እኛን አያውቀንም። እሱ የወንዝ ዳሮቹ ጣጣ ነው።»

«ዜሮ ልበል?»

«በይ እንጂ። ይልቅ አሳ ቅመሺ፣ ከስተሻል።»

አጠገባቸው ነበርኩ። ተራዬ ሲደርስ እኔም ዜሮ አልኩ። አስተማሪ ነኝ ባዩ! በየቤቱ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛ ደግሞ የሚወስደንን አሳ ጋበዝነው።

ዘንድሮ ውጤቱ ወጣ። በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ትልቅ ካርታ ተለጠፈ። በዓመት አንዴ ወንዝ የሚጎበኛቸው መንደሮች ቀይ፣ እኛ አረንጓዴ። ግንቡም ለቀዮቹ ሆነ። ደሜ ፈላ። ጫማውን አውልቆ የሚጠይቅ ሰው፣ ለምን እንዳወለቀ ራሱን አይጠይቅም? ያ ሁሉ የተማረ ሰው ባገላበጠው ቅጽ ላይ ለአንዲት ቃል ቦታ ይጥፋ?

ምባህ ሩኪና የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ ይቺ አረንጓዴ እኛ ነን?»

«አዎ ምባህ። ደስ ይበልዎት፣ ስጋታችሁ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው።»

«ደስታውን ላንተ ያድርገው! ና እኔ ቤት እደር፣ አልጋህን በጡብ ላይ አቆምልሃለሁ።»

«እርስዎ ራስዎ ዜሮ ብለው ጣትዎን አሳርፈዋል እኮ።»

«ስለ ጎርፍ ጠየቃችሁኝ፣ ስለ ጎርፍ መለስኩ! ስለ ሮብ ማን ጠየቀኝ?»

«ሮብ የሚል ቅጹ ላይ የለም።»

«ቤቴ ውስጥ ግን አለ!»

ሰውየው ላብ በላብ ሆነ። ክፉ አይደለም፤ የበላዮቹን የሚፈራ ሰው ነው። ቀጣዩ ምዘና ከአምስት ዓመት በኋላ ነው አለ። አምስት ዓመት! እኛ በአምስት ዓመት ውስጥ የት እንደምንሆን አሳዎቹ ናቸው የሚያውቁት። እስከዚያ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ አዲስ አደጋ ሲደርስ በሦስት ቀን ውስጥ ማመልከት። ከመሳቢያው ፎርም አወጣና ራሱ ሊሞላላቸው እስክሪብቶ አነሳ።

«እሺ ምባህ፣ ውሃው የገባበት ቀን?»

ምባህ ሩኪና አተኩረው አዩት።

«ጎርፍ መጥቶ ይሄዳል፣ ቀን አለው። የእኛው ከመጣ አልወጣም። የትኛውን ቀን ልንገርህ?»

ሰውየው ቦታውን ባዶ ትቶ ማኅተም መታበትና ላከው።

በሁለተኛው ወር ፎርሙ ተመለሰ። በቀይ «አደጋው የደረሰበት ቀን ስላልተሞላ ተቀባይነት የለውም» ተብሎ ተጽፎበታል። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

«ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።