ጠብታው በእማማ ማስቱራ አፍ

የማርጊላን ከተማዋ እማማ ማስቱራ ምላሳቸውን ፈንገስ ይዞት ነጭ ለበሰ። የታዘዘላቸው ጠብታም ጠብ አላለላቸውም፤ ግራ ገባቸው።

«ቶሎ ይውጡታል አይደል?» አለ ሐኪሙ ተናዶ።

«ታዲያ ሰው ሰላም ሲለኝ ጉንጬን ነፍቼ ላፍጥጥበት?»

«ይሄ መድኃኒት እኮ ፈንገሱን የሚገድለው ሲነካው ነው! አፍዎ ውስጥ ያቆዩት!»

በማግስቱ ጠብታውን በአፋቸው እንደያዙ ጎረቤታቸው ሳጂዳ ዳቦ ታቅፋ ገባች።

«እማማ፣ የልጅ ልጅዎን ዙምራድን ለልጄ ይስጡኝ!»

እማማ እጃቸውን አወራጩ። ይዋጡት? የሐኪሙስ ቁጣ?

«ዝም ካሉማ እሺ ብለዋል!» ብላ ሳጂዳ ዳቦውን ለሁለት ቆረሰችው። ዳቦ ከተቆረሰ ደግሞ በአገሩ ልማድ ልጅቷ ታጨች ማለት ነው።

እማማ ያን ጊዜ ጠብታውን ዋጡት።

«ምን ጉድ ነው ሳጂዳ! የዙምራድ ዳቦ እኮ ትናንት ለሌላ ተቆርሷል!»