ለወግ የተባለች «እንብላ»

ይህ ታሪክ ለመጻፍ ይበቃ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። አደጋ የለበት፣ ጀብዱ የለበት፤ አንድ ተማሪ አንኮበርን አይቶ ተመለሰ፣ በቃ። ዛሬ ጠዋት ግን የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ቅዳሜ አንኮበር እንሂድ እያሉ ሲከራከሩ አንዱ፣ «አንተ ሄደህ የለም እንዴ? ከማን ጋር ነበር?» አለኝ። «ብቻዬን» አልኩት፤ ያ ቀን ተመልሶ መጣብኝ።

ከአርባ ምንጭ ደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን ነበር። እንዲህ ላለው ብርድ የሚሆን ልብስ አልነበረኝም። ሌሎቹ ተማሪዎች የአገር ልጅ ከአገር ልጅ ተፈላልገው ተገናኝተዋል፤ እኔ ካፌ የምገባው ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ነበር። ሰኞ ትምህርቱን አቋርጬ አገሬ ልመለስ ቆርጬ ነበር። እናቴን ግን በስልክ «ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር አንኮበር እንሄዳለን» ብያት ስለነበር፣ ግማሹ እንኳ እውነት ይሁን ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገዱ ያምራል። የታጨደው ገብስ በየማሳው ተከምሯል፤ በጎቹ ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይግጣሉ። ኮረብታው አናት ላይ ስደርስ ምድር ከእግሬ ሥር ቁልቁል ወርዳ፣ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ጭጋግ ለብሳ ትታያለች። «አየኸው?» የምለው ሰው ፈልጌ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ጎረቤላ ከተማ አንድ ምሳ ቤት ስገባ አስተናጋጇ «ሰው ትጠብቃለህ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ከዚያ አፍሬ፣ ሻይ ብቻ ጠጥቼ ወጣሁ።

በሚኒባስ ስንመለስ ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ መንገዱ ተዘጋ። አንድ ከባድ መኪና መሐል አስፋልት ላይ ተበላሽቶ፣ ከኋላው ሲኖትራኩ፣ ባጃጁ፣ ጭድ የጫነው ጋሪ ተደራርቧል። ሹፌራችን ክላክሱን ያስጮኻል። አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ እናት ከዘንቢላቸው ድፎ ዳቦ አውጥተው «እንብላ» አሉ።

«ይባረክ እማማ!» አለ ተሳፋሪው በሙሉ። ወጉ እንዲያ ነው፤ ጋባዡ ይጋብዛል፣ ተጋባዡ ያመሰግናል፣ ዳቦው ለባለቤቱ ይቀራል። እኔ ግን እጄን ዘርግቼ ቆረስኩ።



«ውይ! ይሄስ የምሩን ነው!» አሉ እማማ።

«እኛም እኮ እምቢ ያልነው ለወጉ ነው» ብሎ ረዳቱ እጁን ሰደደ።

«ወደዚህም አቀብሉ፣ ክላክስ አያጠግብም!» አለ ሹፌሩ።

«ኧረ ቀስ! ለልጄ የያዝኩት ነው እናንተ!» እማማ እየሳቁ ለሁሉም ቆረሱ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «እዚህ ማን አለህ ልጄ?»

«ማንም የለኝም፣ እማማ።»

ሌላ ቁራሽ ጨመሩልኝ። «በል የሚካኤል ለት ልጄ ቤት መጥተህ ብላ። ቤቷን አሳይሃለሁ። ይቺኛዋ ለወግ አይደለችም።»

ሚካኤል የሚውለው ደግሞ ከሰኞ በኋላ ነበር። ሰኞ ሻንጣዬን ሳልነካ ክፍል ገባሁ።

ዛሬ ልጆቹ «አብረኸን ትሄዳለህ?» ሲሉኝ ለወግ ይሁን ከልብ አላጣራሁም፤ እሺ አልኩ። እዚህ አገር ብቻዬን መብላቴ ያበቃው ኅዳር አሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ለት ነው።