በ«ይሰማል» አናት ላይ ያለችው ነጥብ

ባለቤቴ ካረፈች ሰባት ወር ሆናት። ስለ ሥራዋ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ፤ የማውቀውን እጽፋለሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው በመዛግብት ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሥራዋ መገልበጥ ነበር። ያረጀ ጽሑፍ ይሰጧታል፤ እሷ ፊደል በፊደል በንጹሕ ወረቀት ላይ ትገለብጠዋለች፤ መጨረሻ ላይ «ከዋናው ጋር ትክክል ነው» ብላ ትፈርማለች። «ተማሪ ሲገለብጥ ይቀጣል፤ እኔን ደመወዝ ይከፍሉኛል» እያለች ትቀልድ ነበር። በዋናው ላይ ስሕተት ካለ ስሕተቱንም እንዳለ ትጽፋለች እንጂ አታርምም። ቤትም ያው ናት። አንድ ቀን ለገበያ በሰጠኋት ወረቀት ላይ «ሽንኩርት» ለማለት «ሽኩርት» ብዬ ጽፌ፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ከመንገድ ተመልሳለች።

ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት የአገሪቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሰጧት። በእጅ የተጻፈ፣ አርባ ሁለት ቅጠል ነው። ቀለሙ ወረቀቱን እየበላው ስለሆነ አንድ ጊዜ በትክክል ይገለበጥና ዋናው በብረት ሣጥን ይታሸጋል፤ ከዚያ ወዲያ አይከፈትም ተባለ። ከእንግዲህ የሚታተመው ሁሉ ከእሷ ግልባጭ ነው። የማሸጊያው ቀን ሐሙስ ነበር።

በዋዜማው ሳምንት ዓርብ ወደ ቤት ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከፖስታ ጀርባ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈችልኝ። «እስቲ አንተ፣ ይህን ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

«ሕግ ከመውጣቱ በፊት ሕዝቡ ይሰማል።» አላልቼ አነበብኩት፤ ሕዝቡ ሕጉን ቀድሞ ያዳምጣል እንደማለት።

ልጃችን ከኋላዬ ሆና፣ «አይ አባዬ! ጠብቆ ነው የሚነበበው» አለችና ደገመችው። እሷ ስታነበው ሕዝቡ ተናጋሪ ሆነ፤ የሚደመጠው እሱ ነው።

«ኧረ ላልቶ ነው!»

«አንተማ ብታላላው አይፈረድብህም። በዚህ ቤት ሲሰማ የኖርከው አንተ ነህ።»

እናቷ አልሳቀችም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። የድሮ ጸሐፊዎች ግን አንዳንዴ አንባቢ እንዳይሳሳት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያኖሩ ነበር። በሃያ ሦስተኛው ቅጠል፣ በዚህ ቃል ላይ፣ ከ«ሰ» አናት ነጥብ አገኘች። እስካሁን በታተሙት ላይ ነጥቡ የለም። የጸሐፊው ከሆነ ሕዝቡ መደመጥ አለበት። የዝንብ ኩስ ከሆነ ደግሞ ምንም አይደለም።

ሰኞ ለመዛግብት ቤቱ መጽሐፍ ጠራዥ አሳየችው። ጠራዡ እንደ እሷ ምድር ቤት ያረጀ፣ በዕድሜም የሚበልጣት ሰው ነው።

«እህቴ፣ ይቺ የዝንብ ናት» አላት ገና ሳያጎነብስ። «ዝንብ ደግሞ መሃይም ናት፤ ልብ አትበያት።»

«ታዲያ ጋሼ፣ መሃይም ከሆነች እንዴት ልክ ቦታው ላይ አረፈች?»

እሱም አጎንብሶ አየ። ቀና ብሎ፣ «በምራቅ ነካ ብናደርጋት ይለይላት ነበር። የዝንብ ከሆነች ትለቃለች» አላት።

«ቀለም ከሆነችስ?»

«ይህ ቀለም? እሱም ይለቃል።»

«እና ምን ጠቀመን?»

«ከጭቅጭቁ እንገላገላለን።»

ማክሰኞ አርባ ሁለቱንም ቅጠል በአጉሊ መነፅር ፈተሸች። ሌላ ሦስት ነጥብ አገኘች። አንዱ «ይከበራል» ላይ፣ መጥበቅ ባለበት በ«ከ» አናት ነው። አንዱ «አገር» ላይ ነው፤ እዚያ የሚጠብቅ ነገር የለም። ሦስተኛው ባዶ ኅዳግ ላይ ብቻውን ቁጭ ብሏል። «አንዱ ይመሰክርልኛል፣ አንዱ ያስተባብልብኛል፣ አንዱ ሥራ ፈት ነው» አለችኝ። የዚያን ቀን ሾርባው ጨው ሁለት ጊዜ ገብቶበት ነበር፤ ጠጣነው። ከራት በፊት ወንበር ላይ ቆማ የወጥ ቤቱን መስኮት በአጉሊ መነፅር ስታይ አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝንቦቹን እያነበብኩ።»

እኔም ወንበሩን ይዤላት ቆምኩ። ያየችው ግን አንዱ ነጥብ ክብ፣ አንዱ ሞላላ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ሆኖ ይበልጥ ግራ አጋባት።

ረቡዕ ኃላፊው አስጠራት። በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል፣ ትሑት ሰው ነው።

«ነገ ሣጥኑ ይታሸጋል። ነጥቧን ይተዉአት፤ እስከ ዛሬም አልነበረችም» አላት።

«ዋናው ላይ አለች። ከተውኳት ‹ትክክል ነው› ብዬ አልፈርምም።»

«እንግዲያው ያስገቧት።»

«ካስገባኋት ዝንብ ሕግ አወጣች ማለት ነው።»

ኃላፊው ግንባሩን ያዘ። እሷ ያዘጋጀችውን ወረቀት አሳየችው። ነጥቡን አስገብታ ከግርጌ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «በዚህ ፊደል አናት ላይ ነጥብ አለ። ጸሐፊው ያኖረው ይሁን አይሁን አላወቅሁም።»

«ጥሩ ነው» አላት ኃላፊው ጥቂት አስቦ። «ግን መሥሪያ ቤት ‹አላወቅሁም› አይልም። ‹አላወቅንም› ይበሉት።»

«እርስዎ መቼ አይተውት ነው የማያውቁት? እስካሁን የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

በዚህ ተለያዩ። እኔ ቤት ሆኜ በእልኳ ምክንያት ጡረታዋን ታጣ ይሆን እያልኩ ሳስብ ዋልኩ። እሷ ግን ስለ ጡረታ አንድም ቃል አልተናገረችም። «ውሸት ላይ ከፈረምኩ ሣጥኑን ከፍቶ የሚያጣራ የለም» ብቻ አለችኝ።

ሐሙስ ጧት አሻጊዎቹ የማሸጊያውን ሰም ይዘው ኮሪደር ላይ ቆመዋል። ኃላፊው ወደ ምድር ቤት ወረደና መነፅሩን ተቀብሏት አጎነበሰ።

«ቀለም ነው» አለ ወዲያው።

እሷ ብዕሯን አላነሳችም።

«ቆይ» አለ። መብራቱን አዞረ። «አይ፣ የዝንብ ነው።» ወደ «ይከበራል» ተመለሰ፣ ከዚያ ወደ «አገር»፣ ከዚያ ወደ ባዶው ኅዳግ። አሻጊዎቹ ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኩ። ወደ ሃያ ሦስተኛው ቅጠል ተመልሶ ሲያይ ሲያይ ቆየና ቀና አለ። ዓይኑ ውኃ አዝሏል።

«እኔ እንጃ» አላት።

እሷም ተቀመጠችና «አላወቅሁም» የሚለውን ሰርዛ «አላወቅንም» ብላ ጻፈች። ሁለቱም በየስማቸው ፈረሙ። ኃላፊው መፈረም አይጠበቅበትም ነበር።

ብዕሩን ሲመልስላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ እርስዎ ለራስዎ ሲያነቡት አጥብቀው ነው አላልተው?» ብሎ ጠየቃት።

«ድምፅ ሳላወጣ» አለችውና አሻጊዎቹን ጠራቻቸው።