ለፎቶ የተመረገው ቤት

ቢቸና የማስተምርበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን አድሶ ሲጨርስ፣ መግቢያው ላይ የአካባቢያችን የድሮ ቤት ፎቶ በትልቁ ይሰቀል ተባለ። አንድ ብቻ። የእረፍት ቀኖቼን አሮጌ ቤት በማንሳት የማሳልፈው እኔ ነኝና ቦታው የእኔ ነው ብዬ ነበር።

የትኛውን ቤት እንደማነሳም አውቄያለሁ። ከሞጣ ወጣ ብሎ አንድ የጥንት ነጋዴ ያሠራው፣ ታቹ ድንጋይ ላዩ ጭቃ የሆነ ፎቅ አለ። የእንጨት ሰገነቱ ወደ ጎን አዝምሟል። እንዲህ ያለ ቤት ፊት ለፊት አይነሳም፤ ሰሌዳ ይመስላል። ማዕዘኑ ጋ ቆሞ ሁለቱን ግድግዳ አንድ ላይ ማሳየት ነው። የጠዋት ጀንበር በጎን ስትመታው የጭቃው ስንጥቅና ከውስጡ ብቅ ያለው ጭድ ቁልጭ ይላል። የቤቱ ዕድሜ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ሥራ በሥርዓት ነው። ቅዳሜ ሄጄ የምቆምበትን መረጥኩ፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩትን የነጋዴውን የልጅ ልጅ፣ አንዲት አሮጊት፣ አስፈቀድኩ።

«የዛሬ ሳምንት ጠዋት እመጣለሁ፣ እማማ።»

«ኢንሻአላህ፣ ልጄ። የምታነሳው ቤቱን ነው እኔን?»

«ቤቱን።»

«እሱ ይሻላል፤ እኔማ ጥርስም የለኝ» ብለው ሳቁ።

ሰኞ ለስፖርት መምህሩ ነገርኩት። የሞጣ ልጅ ነው፤ እሱም በስልኩ ፎቶ ይሞክራል። የምቆምበትን ማዕዘን ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ሣልኩለት። ማስረዳት ከጀመርኩ ማቆም አልችልም።

ቅዳሜ ስደርስ ቤቱ አዲስ ሆኗል። አሮጊቷ ጎረቤት ጠርተው፣ ሐሙስና ዓርብ ግድግዳውን በሙሉ አስመርገው፣ በእበት አስለቅልቀው ጠበቁኝ። ሰገነቱ እንኳ ባላ ተደግፎለት ቀጥ ብሏል።

«ሰው ካሜራ ይዞ እየመጣ ቤቴ ፊቱን ሳይታጠብ ይታይ?» አሉኝ። ጥፍራቸው ሥር ገና ጭቃ ነበር። ቤቱን አነሳሁት።

ሰኞ ፎቶዬን ለመምህራኑ ሳሳይ፣ የስፖርት መምህሩ ስልኩን ዘረጋልኝ። ረቡዕ የቤተሰብ ጉዳይ ኖሮበት ሞጣ ሲሄድ፣ ማለዳ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አንስቶታል። ስንጥቁ፣ ጭዱ፣ ያዘመመው ሰገነት፣ ሁሉም አለ። የቆመውም እኔ በሣልኩለት ማዕዘን ነው።

«ማንን አስፈቀድክ?»

«ቤቱን! አንተ እኮ የሄድከው ሽማግሌ እንደሚልክ ሰው ነው። ሙሽራዋም ተኳኩላ ጠበቀችህ።»

መምህራኑ ሁሉ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። ርዕሰ መምህሩ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አዩና «ያንተ ንጹሕ ነው፤ ግን አምና የተሠራ ይመስላል» ብለው የእሱን አሰቀሉ።

ለአሮጊቷ ሁለቱንም አሳትሜ ወሰድኩላቸው። የእሱን የጨመርኩት እንዲነቅፉልኝ ነበር። ነቀፉልኝም።

«ይኼ ደግሞ የማን የፈረሰ ቤት ነው?» አሉ። ወዲያው ግን ለዩት፤ ማን እንዳነሳውና የት እንደተሰቀለ ነገርኳቸው። «ወይ ጉዴ! ሳላስመርገው! ይኼን ነው ትምህርት ቤት የሰቀሉት? ልጁን ላግኘው ብቻ!»

የእኔን ግድግዳቸው ላይ ሰቅለው መረቁኝ። ደስታው ቢቸና እስክገባ እንኳ አልቆየም፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚበልጥ አውቃለሁ።

አሁን ተማሪዎቼ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመው ሲያዩት ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጀንበሯን፣ ስንጥቁን፣ ጭዱን አስረዳቸዋለሁ። ትናንት አንዷ «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት ያነሱት?» አለችኝ።

«ማዕዘኑ የእኔ ነው» አልኳት።