ቁጥር አርባ አራት ልብስ ማጠቢያ ቤት

ኦስሎ ውስጥ ሃውገሩድ ሰፈር ካሉት ሕንፃዎች ባንደኛው፣ ምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ላይ አቶ መኩሪያ ተሹመዋል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፣ አበል የለውም፤ አንድ የቁልፍ ዘለላና አንድ መጥረጊያ አለው። ከሦስት ዓመት በፊት በነዋሪዎች ስብሰባ «ማን ይያዘው?» ሲባል የሕንፃው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አቶ መኩሪያ ከኋላ ተቀምጠው ስለነበር ምን እንደተፈጠረ ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። በዚያው ተመረጡ።

በሙያቸው የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። በሃያ ዓመት ውስጥ ጥሩምባ የነፉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ እሱንም በክርናቸው ነክተውት ነው፤ ወርደው ይቅርታ ጠይቀዋል።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው ኤልሮኢ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ሀይማኖት የምትባለው እናቷ ሆስፒታል ስለምትሠራ ልጇም ሐኪም እንድትሆን ተስላለች። ልጅቷ ከሰው አካል ውስጥ በደንብ የምታውቀው ግን አንድ ሰው የሰበራቸውን አጥንቶች ብቻ ነው። ሰውየው አስላክ ይባላል፤ የበረዶ ላይ ሆኪ ተከላካይ፣ ቁጥር አርባ አራት።

አስላክ ጎል አያገባም። በስድስት ዓመት አራት ብቻ አግብቷል፤ ከነዚያም አንዱ የራሱ ቡድን ላይ ነው። የሱ ሥራ መውደቅ ነው። ባላጋራ ያንን ፓክ የሚሉትን፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጥቁር የጎማ ዲስክ በጥይት ፍጥነት ሲልከው፣ አስላክ ጉልበቱን አጥፎ ፊት ለፊቱ ይጋደማል። ፓኩ የትም ይምታው፣ ወደ ጎል አያልፍም። ሌላው ደጋፊ ጎል ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ኤልሮኢ የምትነሣው አስላክ ሲወድቅ ነው። አንድ ቀን ፊት ለፊት ካገኘችው የምትነግረውን ንግግር ለአራት ዓመት አዘጋጅታለች። መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነበረው።

እንዲህ ባለው ሰላም መሀል ነው ሽታው የመጣው።

መጀመሪያ የደረሰባቸው የሁለተኛ ፎቋ ወይዘሮ ራሕዋ ናቸው። ጡረታ የወጡ፣ ለቅዳሴ ካልሆነ ለንጉሥም የማይነሡ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ያጠቡትን ነጠላ እሑድ ለብሰው ቢሄዱ፣ አጠገባቸው የቆመው ምእመን ሁለት እርምጃ ሸሸ፤ ቄሱም ያለ ወትሯቸው ሁለቴ ተመልሰው አጠኗቸው።

«አቶ መኩሪያ» አሉ ማታውኑ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው በራቸው ላይ ቆመው፣ «ከኔ በፊት በዚያ ማሽን የሞተ ፍየል ያጠበ ሰው አለ።»

«ፍየል እንኳ አይመስለኝም፣ ወይዘሮ ራሕዋ።»

«እንግዲያስ ያሽትቱታ!» ነጠላውን ዘረጉላቸው።

አቶ መኩሪያ አሸተቱና ለጥቂት ጊዜ ግድግዳ ያዙ።

ይህን ያህል ነገር በአገር ቤት ሽማግሌ ተልኮ ያልቅ ነበር። ኦስሎ ላይ ግን ሰው ጎረቤቱን አይወቅስም፤ ወረቀት ጽፎ በር ላይ ይለጥፍበታል። ኖርዌጂያኖቹ «ላፕ» ይሉታል፤ የእርስ በርስ ጦርነት የማያውቁት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። አቶ መኩሪያም ልጃቸውን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ከሶፋው ላይ በአማርኛ እየነገሩ በኖርዌይኛ ማስጻፍ ጀመሩ።

«ውድ ጎረቤቶቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ በዪ። ቅዝቃዜው እንዴት ይዟችኋል በዪ። ምናልባት ሳይታወቀው የሆነ ሰው ካለ፣ ደስ ባለው ጊዜ፣ ትንሽ ሳሙና ቢጨምር…»

ኤልሮኢ ጆሮዋ አባቷ ዘንድ፣ ጣቷ ሌላ አገር ነበር። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ይህ ነው፦

«በዚህ ማሽን ሬሳ ለምታጥበው ግለሰብ፦ ቅበረው። ሽታህ ኪራይ ሳይከፍል ሦስተኛ ፎቅ ገብቷል። በድጋሚ ብትመጣ እኔ እጠብቅሃለሁ። መኩሪያ፣ የልብስ ማጠቢያ ኃላፊ።»

«ጨረስሽ?» አሉ አባቷ።

«ያ፣ ባባ» አለች፤ በኖርዌይኛ አዎ ማለቷ ነው።

«ሰላምታው ገብቷል?»

«ሁሉም ገብቷል።»

አባት ልጁን ካላመነ ማንን ያምናል? ሳያነቡት፣ ወርዳ ለጠፈችው፤ የሳምንቱንም የምድር ቤት ጠረጋ እሷው ወሰደች።

በማግስቱ የሕንፃው ጠባይ ተለወጠ። የማድረቂያውን ማጣሪያ በዕድሜው ጠርጎ የማያውቅ ሰው በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍግ ጀመር። ሊፍት ውስጥ ሃያ ዓመት ጣሪያ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች አቶ መኩሪያን «እንደምን አደርክ» አሏቸው። አንዱማ ሊፍቱን ለቆላቸው በደረጃ ወረደ።

«አየሽ፣ ኤልሮኢ» አሉ አቶ መኩሪያ ራት ላይ፣ ዳቦ እየቆረሱ። «ሰው በመልካም ቃል ይገዛል። ሁልጊዜ ምን እላችሁ ነበር?»

ኤልሮኢ ውኃ ጠጣች። በጣም ብዙ ውኃ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የቤቱን አንሶላ ይዛ ብትወርድ፣ ተራው የሷ ሆኖ ሳለ ማጠቢያው ውስጥ ሰው አለ። በር የሚያህል ጀርባ ያለው ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ግማሽ አካሉን ማሽኑ ሆድ ውስጥ ከትቶ በኮምጣጤ ይፈገፍጋል። አጠገቡ አልጋ የሚያህል ቦርሳ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ ሽታው ከዚያ ይወጣ ነበር።

ፊቱን ሳታይ አወቀችው። ያንን የጉልበት አጣጠፍ ሁለት መቶ ጊዜ ከመቀመጫዋ ተነሥታ አይታዋለች።

አስላክ ጭንቅላቱን ሲያወጣ ከማሽኑ አፍ ጋር ተጋጨ፤ ጉዳዩም አልነበረ። ከራስ ቁሩ ውጪ ማንም ሰው ይመስል ነበር። አምስተኛ ፎቅ ከገባ ሁለት ወሩ ነው፤ ሰው በሊፍት ጣሪያ በሚያይበት ሕንፃ ዝሆንም ቢገባ የሚታወቅ የለም።

«አይ፣ ይቅርታ፣ ተራ አልያዝኩም» አለ ተደናግጦ። «የመኩሪያ ልጅ አይደለሽም? እባክሽ እዚህ እንዳየሽኝ እንዳትነግሪው።»

የአራት ዓመቱን ንግግር፣ ከነመግቢያው ከነሐተታው፣ ረስታ አንሶላውን ደረቷ ላይ አቀፈች።

«የዚያ ሬሳ ባለቤት እኔ ነኝ» አለ አስላክ፣ ቦርሳውን በእግሩ እየገፋ። «ጓንቱ ነው። ጓንት አይደርቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እስቲ ንገሪኝ፤ ሁልጊዜ እንዲህ ቁጡ ነው?»

እዚህ ላይ ኤልሮኢ እውነቱን ለመናገር ሦስት ቃል ይበቃት ነበር፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ግን ሰው የሚያመልከውን ሰው ሬሳ አጣቢ ብሎ ሰድቦ እንዴት ነው ስሙን የሚነግረው?

«ያ» አለች።

በዚች አንዲት ፊደል፣ ለእርግብ ብሬክ የሚይዙት አባቷ አውሬ ሆኑ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለው ጊዜ ከሆኪ ውድድር ዘመን ይረዝም ነበር። ልክ በሰዓቱ ደወሉ ጮኸ። አስላክ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ኬክ ይዞ፣ ቀብር የመጣ ይመስል ቆሟል። በኖርዌይኛ አንቱታ ከሞተ ቆይቷል፤ እሱን ግን ፍርሃቱ በድምፁ አንቱ አሰኘው።

«ግባ እንጂ፣ ልጄ! ደጃፍ ላይ ሰው ይቆማል?» አሉ አቶ መኩሪያ። ሶፋው ላይ አስቀመጡት፤ ትራስ ከጀርባው አደረጉለት፤ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠየቁት። እናትህ ደኅና ናት? አያትህስ? አስላክ ለያንዳንዱ ጥያቄ ይበልጥ ላብ አላበው። እንዲህ ዓይነት ደግነት ያየው ፊልም ላይ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ሰው ይሞታል።

በመጨረሻ አልቻለም። «ሽታው የኔ ነው» ብሎ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። «በስልኬ አንሥቼ አሳትሜ አንዱን ቅጂ መልበሻ ክፍላችን ሰቅየዋለሁ። አሠልጣኙ እንዲህ ሰድቦን አያውቅም። እውነቴን ነው፣ ልክ ነዎት።»

አቶ መኩሪያ መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ሰላምታውን ፈለጉ፤ የለም። ቅዝቃዜውን ፈለጉ፤ የለም። «እጠብቅሃለሁ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ የማጣሪያው ጥርስ ብሩሽ፣ የሊፍቱ ሰላምታ፣ በደረጃ የወረደው ጎረቤት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባቸው። መልካም ቃል የገዛው ሰው አልነበረም።

ኤልሮኢ የአባቷን ፊት አየች። አልተቆጡም። ያነሱ ይመስሉ ነበር፤ ያ ነው የከፋው።

«የርስዎ ነው አይደል?» አለ አስላክ።

«ስሙ የኔ ነው» አሉ አቶ መኩሪያ ቀስ ብለው፣ ወረቀቱን እያጠፉ። «ስሜ ካለበት የኔ ነው።»

«ናይ፣ አይደለም» አለች ኤልሮኢ።

ሁለቱም ዞሩ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ባባ ስለ ጤናችሁ ነበር የሚጠይቀው። ቁጡም አይደለም። ምድር ቤት የነገርኩህ ውሸት ነው።» ከዚያ፣ እንዳለቀላት ሰው፣ «ደግሞ ባለፈው ጥር በጎድንህ የመለስካት ፓክ፣ ከጎል ትበልጥ ነበር» አለችው። ከአራት ዓመት ንግግር የተረፈው ይኸው ነበር።

አስላክ አፉን ከፈተ። «አንቺ ነሽ ሬሳ አጣቢ ያልሽኝ?» ሳቁ መጣበት፤ ጎድኑን ይዞ ሳቀ፤ ያ ጎድን አሁንም ያመዋል።

«አትሳቅላት!» አሉ አቶ መኩሪያ። «አንቺ፣ አሁን ወርደሽ ትገነጥይዋለሽ። ሌላ ትጽፊያለሽ፤ እውነቱን። በራስሽ ስም። የወይዘሮ ራሕዋን ነጠላ ደግሞ ሁለታችሁም በእጃችሁ ታጥባላችሁ፤ እሳቸው እያዩ።»

«ወይዘሮ ራሕዋ ማናቸው?» አለ አስላክ።

«ስታገኛቸው እኔን ትናፍቃለህ።»

ኤልሮኢ ተቀመጠች፣ ጻፈች፣ አሳተመች፤ ከግርጌው በትልቁ ፈረመች፦ ኤልሮኢ መኩሪያ።

አባቷ ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት። «መኩሪያ እዚህም ምን ያደርጋል?»

«ያባቴ ስም ነዋ፣ ባባ! ሌላ ከየት ላምጣ?»

 የአቶ መኩሪያ አገር ለልጅ ከአባት ስም ሌላ የቤተሰብ ስም አላበጀም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ከላይ ጀምረው፣ ጣታቸውን ከያንዳንዱ ቃል ሥር እያደረጉ፣ ማንበብ ያዙ። አንድ መስመር ሲጨርሱ ተመልሰው ይደግሙታል። ኤልሮኢ አጠገባቸው ቆማለች፤ አስላክ ማጣበቂያውን ይዞ በር ላይ ይጠብቃል።

«ይኼ ቃል ምን ማለት ነው?» አሉ፤ ቃሉን አላጡትም፣ ከሷ አፍ ሊሰሙት ነው።

«‹ይቅርታ› ነው፣ ባባ።»

«ይኼስ?»